ባሕር ሲሸሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የተቀመጥኩትም ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። የወፍ ድምፅ ከገባባችሁ ታገሡኝ።

እኛ ጎጃም ውስጥ ያደግን ሰዎች ጣናን ባሕር ነው የምንለው። ስለዚህ ሞምባሳ ሄጄ ውቅያኖስ ሳይ፣ ያው ነው፣ ጨው ተጨመረበት እንጂ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ግን ባሕሩ የለም! ትናንት የዋኘሁበት ቦታ ላይ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ሸርጣን ይሯሯጣል። በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ላሳይ ጓደኛዬን ይዤ በዚያው ሰዓት ወጣሁ። ገና ሸሽቶ አላለቀም፤ አፈርኩ። ለካ ነገሩ የጨረቃ ስበት ነው። ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚሞላ፣ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ቀልቤን የወሰደው ግን ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ነገር ነው። ባርናክል ይባላል። የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ነጭ ቤት ሠርቶ ዕድሜ ልኩን እዚያው ይኖራል። ስታዩት ቀንድ አውጣ ይመስላል፤ ዘመዱ ግን ሸርጣን ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በሩን ግጥም አድርጎ ይዘጋና እርጥበቱን ይዞ ይጠብቃል። ሲመለስ ከፍቶ፣ ላባ በመሰለ እግሩ ምግቡን ይለቅማል።

ጆሴፍ ኮኔል የሚባል ተመራማሪ ስኮትላንድ ውስጥ አጥንቶ በ1961 እ.ኤ.አ. ስላሳተመው ነገር አነበብኩ። እዚያ ሁለት ዓይነት ባርናክል አለ። ትንሹ ከላይ፣ ፀሐይ የሚያደርቀው ድንጋይ ላይ ይኖራል፤ ትልቁ ከታች፣ ውሃው የሚበዛበት ቦታ። ትንሹ ድርቁን ወዶት ነው ትላላችሁ። ኮኔል ትልቁን ከታች ሲያነሳው ግን ትንሹ እዚያም ደህና አድርጎ ኖረ። ለካ ሲወርድ ትልቁ በላዩ እያደገ፣ ከሥሩ እየፈነቀለ ይጨርሰው ነበር። ላይ የቀረው ድርቁን ስለሚችል ነው እንጂ መርጦት አይደለም።

ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ።

ጣናም ይሸሻል፤ ግን በዓመት አንዴ። ከመስከረም በኋላ መጉደል ይጀምራል፣ እስከ ክረምቱ መግቢያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ይህች ሜትር ተኩል ብዙ መሬት ትገልጣለች። ገበሬው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ውሃው እየሄደ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ እግር በእግር እየተከተሉ መዝራት ነው። አጎቴ ሽምብራ ይዘሩ ነበር፣ ወረድ ብሎ ደግሞ በቆሎ። አንድ ዓመት ባሕሩ ቀድሞ ተመለሰና በቆሎውን ዋጠው።

ልጅ ሆኜ ጠይቄያቸዋለሁ። «አጎቴ፣ ባሕሩ እንደሚመለስ እያወቁ ለምን እዚህ ይዘራሉ?»

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ላይኛውን መሬት ማን ሰጠኝና?»

እኔ እሸት ሽምብራ እየፈለፈልኩ ነበር። አልመለስኩላቸውም።