የቴክሳስ አድራሻ፣ የሜሪላንድ እራት

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ በእሑድ ከሰዓት ስለ ታክስ ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ጉድ ነው። አዘጋጆቹ "ቡናው ሳይደርስ ጨርስ" ብለውኛል። እሞክራለሁ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰው ታክስ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። የታክስ ወቅት በመጣ ቁጥር "ወንድሜ፣ እኔ እኮ የቴክሳስ ነዋሪ ነኝ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሺ፣ ማታ የት ነው የምታድረው? እዚሁ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ጀርባ። ልጆችህስ? እዚሁ ነው የሚማሩት። ታዲያ ቴክሳስ ምን አለህ? "የአጎቴ ልጅ ዳላስ አለ፣ በእሱ አድራሻ የመንጃ ላይሰንስ አውጥቻለሁ።"

ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ታክስ የለውም። ፍሎሪዳም፣ ኔቫዳም የላቸውም። እዚህ ግን ለስቴቱ ከፍለህ ሳትጨርስ ካውንቲው ድርሻዬን ይላል። የእኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ታክስ በ2024፣ 3.2 በመቶ ነበር። ታክስ የሚከፈልበት ገቢው 80,000 ዶላር የሆነ ሰው ለካውንቲው ብቻ 2,560 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። ያማል። ግን አድራሻ መቀየርና ቤት መቀየር ለየቅል ናቸው፣ ዛሬ የመጣሁትም ይህቺን ልነግራችሁ ነው።

ሕጉ ዶሚሳይል የሚለው ነገር አለ። በእኛ ቋንቋ፣ ሄደህ ሄደህ የምትመለስበት ቤትህ ማለት ነው። ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው። እሱን ለመቀየር አሮጌውን በእውነት መተው፣ አዲሱ ቦታ ሄዶ መኖር፣ እዚያው ለመቅረትም ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ እስኪሟላ ድረስ አሮጌው አይለቅህም። ማሰብህን ደግሞ የሚያዩት በአፍህ ሳይሆን በኑሮህ ነው፤ ሚስትህ የት ናት፣ ልጆችህ የት ይማራሉ፣ ሐኪምህ የት ነው፣ የት ትመርጣለህ፣ መኪናህ የየት ታርጋ አለው? አንዳንዱ ደግሞ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። የሜሪላንድ ቤቱ ላይ ዋና መኖሪያዬ ነው ብሎ የሆምስቴድ ቅናሽ፣ ማለትም የቤት ታክስ ቅናሽ፣ ይወስዳል፣ በዚያው ዓመት የቴክሳስ ነዋሪ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ሁለቱንም ወረቀት የሚያየው አንድ መንግሥት ነው እኮ!

ደግሞ የ183 ቀን ነገር አለ። ዶሚሳይልህ በእርግጥ ሌላ ስቴት ቢሆንም፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ቤት ይዘህ 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እዚህ ከነበርክ፣ ሜሪላንድ ነዋሪዬ ነህ ትልሃለች። ኒውዮርክ ያለ ዘመድ ያላችሁ ንገሩት፤ እዚያ የቀን ቁራጭ እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ጠዋት ገብተህ ማታ ብትወጣም አንድ ቀን ነው። ኦዲተሮቹ የስልክና የኢ-ዚ ፓስ፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ፣ መዝገብ ጭምር ያያሉ።

አሁን ወደ ትራክ ሾፌሮቻችን ልምጣ፣ ዛሬ ብዙ ናችሁ መሰለኝ። የፌዴራሉ ሕግ ለእናንተ ጥሩ ነገር አድርጓል። በሁለትና ከዚያ በላይ ስቴቶች መደበኛ ሥራ ያለው የጭነት ሾፌር ደመወዙን ታክስ ማድረግ የሚችለው የሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው። ኦሃዮን አልፌያለሁ፣ ኢንዲያናን አልፌያለሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ግን የምትኖሩበት ስቴት የቱ ነው? ጥያቄው እዚያ ላይ ይወድቃል። አንድ ወንድማችን "እኔ የምኖረው ትራኩ ውስጥ ነው፣ የማንም ነዋሪ አይደለሁም" ብሎኝ ነበር። እንዲህ አይሰራም። ከትራኩ በፊት እዚህ ይኖር ነበር፣ በየስድስት ሳምንቱ እረፍት የሚወጣው እዚሁ ነው፣ ሚስቱ ክትፎ ሠርታ የምትጠብቀው እዚሁ ነው። አዲስ ቤት እስካልያዘ ድረስ ሜሪላንዳዊ ነው። ዳላስ የሚሄድለት ፖስታ ብቻ ነው።

ያስከፋኝንም ልናገር። የማስረዳቱ ሸክም ብዙውን ጊዜ ያለው በእኛ ላይ ነው። እዚያ ነበርኩ ካልክ ደረሰኝህን አምጣ ነው የምትባለው። የታክስ ቢሮው የሚልከው ደብዳቤም ቢሆን ለሕግ አዋቂ እንጂ ለሾፌርና ለነርስ ረዳት የተጻፈ አይመስልም። ሰውዬው መንገድ ላይ እያለ የመቃወሚያው ቀን ያልፍበታል። ይህ መሻሻል አለበት ባይ ነኝ።

ግን ተከራክሮ ያሸነፈም አለ። ጌይድ የሚባል ሰው ነበር። ኒው ጀርዚ ነው የሚኖረው፣ ሥራው ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ውስጥ። ለሽማግሌ ወላጆቹ ብሎ እዚያው ስታተን አይላንድ ቤት ገዛ። ኒውዮርክ "ቤት አለህ፣ ቀኑንም ሞልተሃል፣ ነዋሪያችን ነህ" አለችው። ለዓመታት ተሟገተ፣ በ2014 የስቴቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ቤት ስላለህ ብቻ አይበቃም፣ አንተ ራስህ እንደ መኖሪያ የምትጠቀምበት መሆን አለበት አለ። ለእናቱና ለአባቱ ቤት የማይገዛ ሐበሻ ማን አለ? ለዚህ ነው ይቺን ታሪክ የምወዳት።

ሁለተኛው የእኛው የሜሪላንድ ነው። ሌላ ስቴት ያገኙት ገቢ እዚያም ታክስ የተደረገባቸው ባልና ሚስት፣ ሜሪላንድ ከካውንቲው ታክስ ላይ አልቀንስም ስትላቸው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ዊን ይባላሉ። በ2015 5 ለ 4 አሸነፉ። ስለዚህ ደላዌር የምትሠሩ ሰዎች፣ እዚያ የከፈላችሁት ከካውንቲውም ታክስ ላይ ይታሰብላችሁ፣ ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁት።

ቨርጂኒያ ኖራችሁ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የምትሠሩ፣ ወይም የተገላቢጦሹ፣ የእናንተ ቀላል ነው። ስቴቶቹ ተስማምተዋል፣ የደመወዝ ታክስ የሚከፈለው ለምትኖሩበት ነው። ዲሲማ ጭራሽ ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው ገቢ ታክስ እንዳታደርግ በ1973ቱ ሕግ ተከልክላለች። ችግሩ የሚመጣው አሠሪው ለተሳሳተው ስቴት ሲቆርጥ ነው። አሠሪው ጋ ያለውን የታክስ ቅጽ ቀይሩ፣ የተቆረጠውን ደግሞ ለዚያ ስቴት ታክስ ፋይል አድርጋችሁ አስመልሱ። ገንዘባችሁ ነው።

አባባ እዚያ ጋ እጅ አውጥተዋል፣ ጥያቄዎን ገምቻለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ስቀመጥስ? ቤቱን ሸጠው፣ ጓዝ ጠቅልለው ለመኖር ከሄዱ አንድ ነገር ነው። ቤቱን ለልጅ ትተው፣ መድኃኒትም ለመውሰድ እየተመላለሱ ከሆነ ግን ሜሪላንድ ገና ቤትዎ ናት ልትል ትችላለች። አገር ቤትም በበኩሉ ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠውን ነዋሪ ይለዋል፣ አዋጅ 979/2008ን ይመልከቱ።

ለመሆኑ ደብዳቤ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተኛበት ሰው አለ? አትሳቁ፣ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ለመቃወም ያለህ 30 ቀን ነው፣ ቨርጂኒያ 90 ቀን። ያ ካለፈ ዕዳው ይጸናል፣ ከዚያ የላይሰንስና የታርጋ እድሳት መከልከል፣ ከደመወዝ መቁረጥ ይመጣል። ፋይል ያላደረግክበት ዓመት ደግሞ ጊዜው አለፈ አይባልም፣ ቆጠራው የሚጀምረው ፋይል ስታደርግ ነው።

ደብዳቤ ያልደረሳችሁና ውስጣችሁ የሚያውቅ ሰዎች፣ የተሻለው ዕድል የእናንተ ነው። ሳይደርሱባችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ቀርባችሁ ብታስተካክሉ ቅጣቱ የሚነሳበት መንገድ አለ። ወለዱን እምብዛም አይተዉትም። በአንዴ መክፈል የማይችል በየወሩ ይከፍላል። ጨርሶ አቅም የሌለው ከዕዳው ባነሰ ገንዘብ እንዲስማሙለት ማመልከት ይችላል። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ በነፃ የሚከራከሩ የታክስ ክሊኒኮች አሉ። "በግማሽ አስጨርስልሃለሁ" ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ግን ሽሹት!

ቡናው ሸተተኝ፣ በቃኝ። እዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ደብዳቤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው።