ተሸንፎ መነሣት፦ በ85ኛው የአርበኞች የድል በዓል የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባት አርበኞች፣ ክቡራት እናት አርበኞች፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለሚያዝያ 27 የድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ የነበራችሁ ሁሉ ልብ ሳትሉት አልቀራችሁም፤ የአድዋን በዓል ያህል ሕዝብ አልወጣም። የካቲት 23 ሲሆን ከተማው ነቅሎ ይወጣል፤ ወጣቱ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ፣ እየፎከረና እየሸለለ ምኒልክ አደባባይን ያጥለቀልቀዋል። ሚያዝያ 27 ግን ለብዙዎቻችን መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት ቀን ከመሆን አላለፈም። በዓሉ ራሱ በደርግ ዘመን ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ቆይቶ የተመለሰ ነው።

ምክንያቱ የሚሰወርብን አይመስለኝም። አድዋ ለመተረክ የሚመች ድል ነው፤ ክተት ታወጀ፣ ሠራዊቱ ከየአቅጣጫው ተመመ፣ ተዋጋ፣ አሸነፈ። ሚያዝያ 27ን ለመተረክ ግን አስቀድሞ ሽንፈትን መተረክ ግድ ይላል። በውስጡ ማይጨው አለ፤ ከአውሮፕላን የተረጨ መርዝ አለ፤ የንጉሠ ነገሥት ስደት አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ለአንደበት የሚከብደው ደግሞ ለጠላት ያደረ ወገን አለ። ይሁን እንጂ አገራችን ዛሬ ካለችበት ሁኔታ አንጻር ከአድዋ ይልቅ የሚቀርበን ይህኛው በዓል ነው እላለሁ። አድዋ አንድ ሆነን ስንቆም ምን እንደምንችል ያስታውሰናል፤ እኛ ግን ዛሬ አንድ ሆነን አልቆምንም። ቆስለንና ተከፋፍለን፣ ግማሻችን ግማሻችንን በጥርጣሬ በምናይበት በዚህ ሰዓት ሊነገረን የሚገባው፣ የተሸነፈና የተለያየ ሕዝብ እንደምን አድርጎ ዳግመኛ እንደቆመ ነው።

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተፈታ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አዲስ አበባን የዘረፋትና ያቃጠላት ጣሊያን አልነበረም፤ የራሷ ሰው ነበር። መንግሥት የለም ሲባል ጎረቤት የጎረቤቱን ሱቅ ሰበረ፣ ዘበኛ ይጠብቀው የነበረውን ግምጃ ቤት በረበረ። ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ሲገባ የጠበቀችው ከተማ ገና ጭሷ ያልበረደ ነበረች። ይህን የማነሣው በበዓል ቀን ክፉ ለማውራት ብዬ አይደለም። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ ሰንደቅ ዓላማው በዚሁ ከተማ ከፍ ብሎ ሲውለበለብ በዕልልታ የተቀበለው ሕዝብ ያንኑ ዘረፋ ያየና የሠራ ሕዝብ ነበር። አገር የወረደበትን ያህል መውጣት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በመካከል ያሉት አምስት ዓመታት ለተስፋ የሚመቹ አልነበሩም። በሐምሌ 1928 አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የተደረገው ሙከራ ክረምቱ መንገዱን ዘግቶ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ጦሩ በአንድ ሰዓት ሊደርስ ባለመቻሉ ከሸፈ፤ በማግስቱም አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዛሬ ከድንበር ማዶ የምንላት የኤርትራ ልጆች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ በተከተሉት ሦስት ቀናት የከተማው ነዋሪ በጥይት ብቻ ሳይሆን በአካፋና በዶማ ተጨፈጨፈ፣ ከነቤቱ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ዓለምም ፊቱን አዞረ፤ በ1931 ዓ.ም. ብሪታኒያ ሳትቀር ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች። እምቢ ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በየማለዳው የታክሲ ረዳቶች “ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ” እያሉ የሚጠሩት አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ውለታ መሆኑን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተሰልፈን ስንጠብቅ የምናስታውስ ብዙ አይደለንም።

በእነዚያ ዓመታት ጫካ የገባ ሰው ጣሊያን በሰኔ 1932 ከብሪታኒያ ጋር ጦርነት እንደምትገጥም አያውቅም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ እንደሚሰቅሉ የነገረው የለም። እኛ መጨረሻውን አውቀን ስለምንጀምር ነገሩ ሁሉ ወደ ድል የሚያመራ ቀጥ ያለ መንገድ ይመስለናል። ገበሬው ግን ለአርበኛ ስንቅ ያቀበለ እንደሆነ ጎጆው እንደሚነድድ፣ ከብቱ እንደሚነዳ በዓይኑ ያየውን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እያወቀም አቀበለ። በከተማ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ከጠላት መሥሪያ ቤት ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት እያወጡ ወደ ዱር ላኩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ተይዘው፣ ተገርፈው፣ ባሕር አሻግረው አሲናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት አሰሯቸው። ተፈትተው ሲመለሱ በቃኝ ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ማንም ባልፈረደባቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ጠመንጃ አንሥተው ከአርበኞች ጋር ዘመቱ። ተስፋ ሲባል እኔ የምረዳው ይህን ነው፤ ውጤቱ ሳይታወቅ የዕለቱን ድርሻ መወጣት።

ስለ አንድነት ስናወራ ደግሞ የአርበኞችን ኅብረት እንደ አንድ ማኅበር አድርጎ የመሣል ልማድ አለን። እንዲያ አልነበረም። ጎጃም ውስጥ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ለረጅም ጊዜ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ የታረቁትም ጦርነቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ነው። የሸዋው ከጎጃሙ፣ መኳንንቱ ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ድርጅት ከተሰባሰቡት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት መኮንኖች ጋር በሥልጣንም በአመለካከትም ይለያዩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ መሰደዳቸውን ይቅር ያላሉ አርበኞችም ነበሩ። ኦጋዴን ቆራሄ ላይ ከግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጎን የተሰለፈው ሶማሌው ዑመር ሰመተርና በ15 ዓመቱ ሸፍቶ ጅባትና ሜጫን ለጠላት እሳት ያደረገው ጃገማ ኬሎ በምን ቋንቋ፣ በምን ሃይማኖት፣ በየትኛው አለቃ ይገናኙ ነበር? የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በባዕድ አንገዛም የሚለው ቃል። የቀረውን ልዩነታቸውን ይዘው ነው የተዋጉት። ዛሬ አንድነት እንዲመጣ አስቀድመን በታሪክ፣ በሰንደቅ ዓላማ ዓርማና በሕገ መንግሥት አንቀጽ ሁሉ መስማማት አለብን የሚሉ ወገኖች ከእነዚህ ሰዎች ይልቅ ከባድ ቅድመ ሁኔታ እያስቀመጡ ነው።

ስለ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ የሸዋው ደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ነበሩ። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን በምሕረት ቃል እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። ወይዘሮ ከበደች ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። የባላቸውን ሰዎች ሰብስበው በሰላሌ ዱር ተዋጉ፤ በዘመቻ ላይ ሳሉ ወለዱ፤ አራስ ሆነውም ጦር መሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባታቸው እጃቸውን ሰጥተው በጣሊያን እጅ ነበሩ። ልብ በሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ አባት ገብቷል፣ ባል ተታልሎ ሞቷል፣ ልጅ ሸፍታለች። የትግራይ ልዕልት የሸዋን ገበሬ አሰልፋ ስትዋጋ “አባትሽ ገብቷል” ብሎ ጥሏት የሄደ ወታደር ቢኖር ኖሮ ያ ጦር አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ይህን ታሪክ የመረጥሁት “የባንዳ ልጅ” የሚለው ስድብ በየማኅበራዊ ሚዲያው እንደ ሰላምታ እየተወረወረ ስለሆነ ነው። ከ80 ዓመት በላይ ያለፈውን የአያት ኃጢአት፣ ያውም ብዙ ጊዜ ያልተጣራውን፣ በአንድ ሕዝብ ላይ በሙሉ ለጥፎ መዝለፍ አርበኞቹን ማክበር አይደለም። አርበኞቹ ራሳቸው እንዲህ አላደረጉም። ከጣሊያን ጦር ከድተው የመጡ አስካሪዎችን፣ ማለትም ለጣሊያን የተቀጠሩ የቅኝ ግዛት ወታደሮችን፣ ተቀብለው ጎን ለጎን ተዋግተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በድሉ ዕለት ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በእጁ የገባውን ጣሊያን እንዳይጎዳ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ቤተሰቡ የታረደበት ሕዝብ ያንን ትእዛዝ በአብዛኛው መፈጸሙ፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የጦር ሜዳ ጀብዱ አያንስም።

ከድሉ በኋላ የሆነውንም መሸፋፈን አልፈልግም፤ አንድነታችን የተሰነጠቀው በጠላት እጅ ብቻ አይደለምና። ነፃነት ከተመለሰ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በ1936 ዓ.ም. መባቻ፣ በትግራይ የተነሣውን የቀዳማይ ወያነ አመፅ ለማፈን መንግሥት የብሪታኒያን የጦር አውሮፕላኖች ጠርቶ መቀሌንና አካባቢዋን አስደበደበ። በ1928 በጣሊያን አውሮፕላን የተደበደበ ሕዝብ በራሱ መንግሥት ጥሪ እንደገና ከሰማይ ቦምብ ወረደበት። በጥር 1937 ደግሞ ጎጃምን ለጠላት የእግር እሳት ያደረጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ለጣሊያን ያደሩ መኳንንት ሹመታቸውን ሲይዙ ዱር የከረመው አርበኛ በየደጁ ደጅ ጠና፤ የሞተላት ቀርቶ የገደላት በላ እየተባለ የተገጠመው በዚያ ጊዜ ነው። ብሪታኒያም ቶሎ አልወጣችም፤ ኦጋዴንና ሐውድ ሙሉ በሙሉ የተመለሱት እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ በተደረገ የዲፕሎማሲ ትግል ነው። እንግዲህ በ1933 የተገኘው የነፃነት መጀመሪያ ነበር፤ ያንን ጅምር በፍትሕ አለማጠናከራችን ደግሞ ዛሬም ድረስ የምንከፍለው ዕዳ ሆኗል።

የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተገታ በኋላም ልጇ የት እንደወደቀ ያልተነገራት እናት በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም፣ በኦሮሚያም አለች። እንዲህ ያለችው እናት በር ላይ ቆመን ስለ አንድነት ብንሰብካት አትሰማንም፤ እውነቷንም ነው። አስቀድሞ የልጇን መርዶ በወግ ትረዳ፣ እርሟን ታውጣ፤ የፈረሰው ትምህርት ቤት ይሠራ፤ ገበሬው ማሳው ላይ ያለ ሥጋት ይዋል። በእነ ደጃዝማች መንገሻና በእነ ደጃዝማች ነጋሽ መካከል እየተመላለሱ ቂም ያበረዱ ሽማግሎች ነበሩ፤ ዛሬም በየወረዳው እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ የጎደላቸው የሚሰማቸው ባለሥልጣንና የሚታመን ዋስትና ነው። ከአደባባይ ሰልፍ ይልቅ ለእነርሱ ሥራ በጀትና ጥበቃ ቢመደብ እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ልመና ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ የአርበኞች ልጆች ቤታችሁ ውስጥ የአባታችሁ የአርበኝነት ሜዳይ ከነዘንባባው፣ በጫካ የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ ምናልባትም የእናታችሁ የእስር ወረቀት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ዋናውን ስጡን አንልም። በአዳራሹ መውጫ ላይ ወጣቶች ፎቶ ማንሻና መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቅጂው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እንዲገባ እናደርጋለን። ታሪኩን ስታስመዘግቡ አባታችሁ ከማን ጋር እንደተጣሉና ከማን ጋር እንደታረቁ ጭምር ተናገሩ፤ ቤተሰባችሁ ውስጥ ለጠላት የገባ ሰው ከነበረም አትደብቁ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። በዕድሜ ለገፉት እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ወደ መቀመጫችሁ ይመጣሉ፤ አትነሡ።

አመሰግናለሁ።