ታና ዳር ላይ 9 በመቶ፦ ጥቁሯን ቢራ ቀምሰን ነጥብ ሰጠናት

ዮናስ፦ እንደምን አመሻችሁ! ዛሬ ቤት ውስጥ አይደለንም። ታና ዳር፣ ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ይዘናል። ከኋላ የምትሰሙት ውሃው ነው፣ አልፎ አልፎ ጀልባ ያልፋል፣ ታገሡን። ፀሐይዋ ልትገባ ትንሽ ነው የቀራት።

ትዕግሥት፦ አንድ ነገር ላስቀድም። ወሬያችን የመጠጥ ስለሆነ ከ21 ዓመት በታች ያላችሁ ይሄ ክፍል ይለፋችሁ። እኛም የምንመለሰው በባጃጅ ነው።

ዮናስ፦ ልክ ነሽ፣ ምክንያቱም ይቺ ቀልድ አይደለችም። 9 በመቶ አልኮል ናት። እዚህ የለመድነው ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ስሌቱን ሠርቼዋለሁ፣ ይቺ 355 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልኮል ከሁለት ተራ ቢራ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሁለታችን አንድ ጠርሙስ ነው የምንከፍተው።

ትዕግሥት፦ ስሟን ንገራቸው እንጂ።

ዮናስ፦ ኦልድ ራስፑቲን ትባላለች። ዓይነቷ ኢምፔሪያል ስታውት ነው፣ ጠንከር ያለ ጥቁር ቢራ ማለት ነው። ኖርዝ ኮስት የሚባል ጠማቂ ነው የሚሠራት፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ፎርት ብራግ በምትባል የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ከተማ። የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ሦስት ጠርሙስ በሹራብ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። አንዷ ሻንጣ ውስጥ ተሰብራ ደረሰች። ሁለት ቀሩ።

ትዕግሥት፦ ምልክቷ ላይ ያለው ባለ ጢሙ ሰውዬ ራስፑቲን ነው፣ ያ በመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ ቤት የታወቀው። ዙሪያውን ደግሞ በሩሲያኛ የተጻፈ ነገር አለ። ማን አነበበልህ?

ዮናስ፦ አጎቴ። ፖሊ ነው የተማረው። ለማታውቁ፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው የተቋቋመው፣ እሱ በተማረበት ጊዜ ደግሞ ሩሲያውያን መምህራን ነበሩ። መነጽሩን አወጣ፣ ጠርሙሷን ቀስ እያለ አዟዟራት፣ ከዚያ «የልብ ወዳጅ ባንዴ አይወለድም» አለኝ። ተረት ነገር ነው አለ፣ በነሱ ቋንቋ ቤት ይመታል። ከዚያ ዝም ብሎ ትንሽ ያዛት። ቶሎ አልመለሰልኝም።

ትዕግሥት፦ ደስ ሲል! ግን አሜሪካ የተጠመቀ ቢራ ሩሲያ ውስጥ ምን አገባው?

ዮናስ፦ ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ጠማቂዎች ፖርተር የሚባለውን ጥቁር ቢራ በጣም አጠንክረው ለሩሲያዋ ንግሥት ለታላቋ ካትሪን ቤተ መንግሥት ይልኩ ነበር። «ኢምፔሪያል» የሚለው ስም ከዚያ ነው የቀረው። አሜሪካኖቹ ያንን አሮጌ ዓይነት ነው መልሰው የያዙት። በቃ፣ ታሪኩ ይበቃናል፣ ክፈቺው።

[የቆርኪ ድምፅ]

ትዕግሥት፦ ከማቀዝቀዣ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል። ይሄ ሆን ተብሎ ነው። ባለፈው አንድ ቦታ ስታውት አዝዤ በረዶ በመሰለ ብርጭቆ ቀዱልኝ፣ ከብርድ በቀር ምንም አልቀመስኩም። ጠንካራ ቢራ ቀዝቃዛ ሲሆን ሽታውም ጣዕሙም ይዘጋል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚናገረው።

ዮናስ፦ እየቀዳች ነው። አንዱን በተራ የቢራ ብርጭቆ፣ አንዱን በብርሌ። አረፋውን እዩት… ማለቴ፣ ልንገራችሁ። ነጭ አይደለም። የማኪያቶ አረፋ ነው የሚመስለው፣ ቡናማ፣ ወፍራም። ቢራው ራሱ ጥቁር ነው፣ ወደ ፀሐይዋ ሳነሣው እንኳ መሐሉ ብርሃን አያሳልፍም። ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ቀላ ይላል።

ትዕግሥት፦ እኔ ብርሌውን ወሰድኩ። ቆይ ላሽትተው። … ዮናስ፣ ይሄ አሻሮ ነው!

ዮናስ፦ እንዴት?

ትዕግሥት፦ አሻሮ ሲቆላ ያለው ሽታ ነው እኮ። ገብሱ ምጣድ ላይ ጠቁሮ ሊጨስ ሲል፣ እናቴ ከጓዳ ሆና «አውርጂው! አውርጂው!» የምትለኝ ሰዓት። ልክ ያቺ ደቂቃ። እሷ ለማኅበርና ለሠርግ ጠላ ስትጠምቅ ነው ያደግኩት፣ ይሄን ሽታ አልስተውም። የስታውት ጥቁረት የሚመጣውም ከተቆላ ገብስ ነው። ሰዎች ቸኮላት፣ ቡና ምናምን ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ እሱም አለ። እኔ ግን መጀመሪያ ያገኘሁት አሻሮ ነው። የብርሌው አፍ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ሽታውን ያዝ ያደርገዋል። የኔን አሽትተህ ያንተን አሽትት።

ዮናስ፦ … እውነትሽን ነው፣ የኔ ሽታው በንኖ ሄዷል። እሺ፣ እንቅመስ።

[ጥቂት ዝምታ]

ዮናስ፦ ኧረ! ወፍራም ናት። መጀመሪያ ትጣፍጣለች፣ ድቡልቡል ያለ ጣፋጭነት፣ የተቃጠለ ስኳር ዓይነት። ከዚያ ምሬቱ ይመጣል። ከዚያ ስትውጪው ደረትሽ ሞቅ ይላል። አልኮሉ ጉሮሮ አይቧጭርም፣ አረቄ አረቄ አይልም። እኔ ይሄን ነው ጥሩ አሠራር የምለው። 9 በመቶ ይዞ መደበቅ ቀላል አይደለም።

ትዕግሥት፦ ለምን እንደምትወፍር ታውቃለህ? ጠላ ሲጠመቅ መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ነው፣ ከዚያ ድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይወጣል። እንግሊዞቹም ድሮ እንደዚያው ነበሩ፣ ከብቅሉ ላይ የመጀመሪያውን ውሃ ለጠንካራው ቢራ ያውሉታል፣ ሁለተኛውን ለቀጭኑ። ብቅሉ ሲበዛ ስኳሩ ይበዛል፣ እርሾው ያንን ስኳር በልቶ አልኮል ያደርገዋል፣ ያልተበላው ደግሞ ጣፋጭና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ይቺ ቅራሪ አልነካትም።

ዮናስ፦ ምሬቱስ? ጌሾ የለም መቼም።

ትዕግሥት፦ እዚህ ላይ ነው ቅር ያለኝ። የጌሾ ምሬት ይመጣል፣ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ ይሄዳል። የዚህኛው ሆፕስ ነው፣ ፈረንጆቹ በጌሾ ፋንታ የሚጨምሩት አበባ፣ ምላስ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። የቢራ ምሬት የሚለካበት ቁጥር አለ፣ ይቺ 75 ናት። ቀለል ያለ ላገር፣ ያ የለመድነው ቢጫ ቢራ፣ ብዙ ጊዜ 20 እንኳ አይሞላም። እኔ አሁን 7 ከ10 ነው የምሰጣት።

ዮናስ፦ 7?! እኔ 9 ልል ነበር።

ትዕግሥት፦ ቆይ፣ አልጨረስንም። ዓሣው መጣ።

ዮናስ፦ ቀረሶ ጥብስ፣ በሚጥሚጣ። … ኡፍ። አይ፣ አይሆንም። ሚጥሚጣውን አልኮሉ አቀጣጠለው። ዓሣው ደግሞ ጨርሶ ጠፋ፣ እንደዚህ ያለ ለስላሳ ዓሣ ለዚህ ጥቁር ቢራ አይመጥንም። ለቀረሶ ቀለል ያለውን ቢራ እዘዙለት።

ትዕግሥት፦ ከቤት ድፎ ዳቦ ይዣለሁ፣ ከታች ኮባው ያጠቆረው በኩል ቁረስ። ማር ጠብ አድርግበት። አሁን ጠጣ።

ዮናስ፦ … ኦ! ይሄ ሌላ ነገር ነው። ዳቦው ከቢራው ጋር አንድ ቤት የተጋገረ ነው የሚመስለው። ማሩ ምሬቱን አለዘበው።

ትዕግሥት፦ የኔም ብርሌ አሁን ሞቅ ብሏል፣ 40 ደቂቃ አለፈን እኮ። ምሬቱ ወደ ኋላ ሄደ፣ እንደ ተምር፣ እንደ ዘቢብ ያለ ነገር መጣ። ቅድም አልነበረም። 7 ያልኩትን አነሣለሁ። 8 ተኩል። ምሬቱ ትንሽ ቢቀነስልኝ 9 እሰጣት ነበር።

ዮናስ፦ እኔ 9 ላይ ነኝ። አንዷን ነጥብ የቆረጥኩት ሁለተኛ ብርጭቆ ስለማያስመኝ ነው። ጣዕሟ ከባድ ነው፣ አንዴ በቃ ትላለህ።

ትዕግሥት፦ ለኔ ግን እሱ ጉድለት አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ለእናቴ በሲኒ ትንሽ አስቀርቼላታለሁ። ድምፅዋን በስልክ ቀርጬ ላሰማችሁ ነበር፣ አልፈለገችም፣ ግን ባለፈው ሳምንት ይሄንኑ ዓይነት ሌላ ቢራ አቅምሻት ምን አለችኝ መሰለህ? ምላሷ ላይ አቆየችው፣ ዋጠችውና «እንስራው በምን ታጠነ?» አለችኝ። አልታጠነም ስላት አላመነችኝም። ጭሱ ከገብሱ ነው ብዬ አስረዳኋት። «እንግዲያው የቆላችው ሴት እጇ ይባረክ» አለች።

ዮናስ፦ እሜቴ ይኑሩልን። የቀረችውን አንዷን ጠርሙስ ምን እናድርጋት?

ትዕግሥት፦ አትከፈትም። ተራ ቢራ ሲቆይ ይበላሻል፣ እንደዚህ ያለ ጠንካራ ግን ዓመት ቢቀመጥ ይለዝባል። ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይንካት፣ ቆማ ትቀመጥ። ባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ ያንተ ኮንዶሚኒየም አይሆንም። የእናቴ ጓዳ፣ ከጋኑ ጀርባ፣ እዚያ ቀዝቃዛ ነው።

ዮናስ፦ እስከ መቼ?

ትዕግሥት፦ እስከሚመጣው ዓመት ጥምቀት። ቀኑን በፕላስተር ጽፌ እለጥፍባታለሁ። አጎትህንም ጥራው፣ እሱ ነው የሚከፍታት።

ዮናስ፦ እነግረዋለሁ። ባጃጁ መጣ፣ ደህና እደሩ።