ጀበናው ሲኒውን ሲስት

[ምስል፦ ዘጌ፣ የቡና ጥላ ሥር፤ ረከቦት በቅርበት]

አንዲት የ55 ዓመት እናት ዘጌ ላይ አሉ እንበል። ቡና ሲቀዱ እድሜያቸውን ሙሉ ጠብታ አላፈሰሱም። አንድ ቀን ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። «እማ፣ ዓይንሽ ነው» አለች ልጃቸው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጀልባው የሚወርዱት እግራቸውን አራርቀው፣ የሰው ትከሻ ይዘው ሆነ። ምላሳቸውም ተሳሰረ። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ጠበል።

[ምስል፦ የአንጎል ሥዕል፣ ከማጅራት በላይ ያለው ክፍል ደምቆ]

የተጎዳው ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ነው። መነሻው ግን ሌላ ቦታ፣ ጡት ወይም እንቁላል ማምረቻ ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ አንጎል ውስጥ አልገባም። አንዳንድ ካንሰር የነርቭ ሴሎች የሚይዙትን ዓይነት ፕሮቲን ያወጣል። የሰውነት መከላከያ ያንን ባዕድ ብሎ ይዘምትበታል፤ ያው ፕሮቲን ያለበትን ነርቭም አብሮ ይመታል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ እብጠቱ ሳይታወቅ የነርቩ ሕመም ቀድሞ የሚመጣው። የጭንቅላት ምርመራ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። «ምንም የለብዎትም» ተብለው ወደ ቤት የሚመለሱ እናቶች ናቸው የሚያሳስቡኝ።

መከላከያው በካንሰር ሰበብ ነርቭን የሚመታበት ይህ ሕመም ሌላም መልክ አለው። ጭን ይዝላል፣ ከበርጩማ መነሳት ያቅታል፣ አፍ ይደርቃል። ላምበርት ኢተን የሚባለው ይህ ሕመም ከያዛቸው ግማሽ ያህሉ የሳንባ ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ ካንሰሩ ከተገኘባቸውም አብዛኞቹ አጫሾች ናቸው።

አትደንግጡ፣ ብርቅ ነገር ነው። እግር ሲደነዝዝ ስኳር ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይቀድማል። አፍ በድንገት ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከከዳ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። እኔ የምለው በሳምንታት ውስጥ እየባሰ የሚሄደውን ነው።

[ምስል፦ ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና]

ጠበሉን ይጠመቁ፣ ሐኪምም ይያቸው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲደርሱ ክብደት ቀንሰው፣ ጡታቸው ላይ እብጠት ዳብሰው ከሆነ አይደብቁ። ጡት፣ ሆድና ደረት መታየት አለበት። ካንሰር ካልተገኘና ጥርጣሬው ከጠነከረ፣ ምርመራው በየ4 እስከ 6 ወሩ ለ2 ዓመት ይደገማል። የሞተ የትንሹ አንጎል ሴል አይተካምና ሕክምናው መቅደም አለበት።

ልጅየዋ፣ ቡናው የፈሰሰበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ። ሐኪሙ «መቼ ጀመራቸው?» ብሎ ይጠይቅሻል።