የጠረጠረ ሰው ይሂድ፣ ይጠይቅ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የንባብ ክበባችን አባላት፣ እንግዶቻችን፤ በዚህ የኅዳር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ በቶልኪን ልብ ወለድ ውስጥ ስላለው ሽማግሌ አስማተኛ፣ «ጥበበኛው ጋንዳልፍ» የሚል ነው። ስለ ጥበቡ ብዙ ተብሏል። እኔ የመጣሁት ስለ መዘግየቱ ልናገር ነው።

የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» አብረን ስላነበብን ታሪኩን አልደግመውም። ሆቢት ከሚባሉት አጫጭር ሰዎች አንዱ የሆነው ቢልቦ 111ኛ ልደቱን አክብሮ፣ የክፉውን ጌታ የሳውሮንን ቀለበት፣ ምንነቱ ሳይታወቅ፣ ለወራሹ ለፍሮዶ ትቶ ሲሄድ ዓመቱ በታሪኩ የሦስተኛው ዘመን አቆጣጠር 3001 ነበር። ጋንዳልፍ ቀለበቱን እሳት ውስጥ ጥሎ በላዩ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያየው በ3018 ነው። 17 ዓመት! ምልክቱ ግን ቀድሞም ነበር። ቢልቦ ቀለበቱን እንዴት እንዳገኘው ዋሽቷል። ዕድሜው እየገፋ መልኩ አላረጀም። ሌላው አስማተኛ ሳሩማን ደግሞ የሳውሮን ቀለበት በወንዝ ተወስዶ ባሕር ገብቷል ብሎ ጋንዳልፍን አረጋጋው። የጠቢባኑ ጉባኤ አለቃ ነዋ፣ አመነው። ቀለበቱን ከሳውሮን እጅ ቆርጦ የወሰደው የጥንቱ ንጉሥ ኢሲልዱር ስለ ቀለበቱ የጻፈው ጽሑፍ ሚናስ ቲሪት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ አንባቢ ይጠብቅ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ሳያረጋግጥ ምን ያድርግ?» ስትሉ ሰምቻለሁ። ሄዶ ያረጋግጥ ነበራ! ከቢልቦ በፊት ቀለበቱን ይዞ የነበረውን ጎለምን ሲያፈላልግ እንደነበር አልረሳሁም። ግን በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው ያ የኢሲልዱር ጽሑፍና የፍሮዶ ቤት ምድጃ ነው።

ይህን ያህል የሚያንገበግበኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መንዝ ውስጥ፣ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። በሒሳብ ማንም አይደርስባትም። ታኅሣሥ ላይ መቅረት ጀመረች። መጀመሪያ የገበያ ቀን ብቻ፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቀን። እነሱ ቤት ብቅል ተሰጥቷል፣ ጌሾ ይወቀጣል። አንድ ጠዋት ኮምፓሷንና ማስመሪያዋን አውጥታ «አንቺ ያዢው» ብላ ሰጠችኝ። መምህራችን በዴስኮቹ መሃል ሲያልፉ አዩን። ቆሙ። ኮምፓሱን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። አገሩ በሙሉ ምክር የሚጠይቃቸው ብልህ ሰው ነበሩ። ከአባቷ ጋር አንድ ሰንበቴ ይጠጣሉ።

ጥር ላይ ተዳረች። በሳምንቱ መምህራችን ክፍል ገብተው «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር» አሉን።

ምን ያደርግልናል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሰንበቴው ላይ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮስ? «ልጅቷን ልትድራት ነው እንዴ?» ይኸው ነው። ማስረጃ ከሰማይ አይወርድም፤ ተሂዶ ነው የሚገኘው። ዝም ያለ አዋቂ ከማያውቀው ሰው ይብሳል፤ እኛ ልጆቹ «እሳቸው ዝም ካሉ ደህና ነው» ብለን ተኝተናልና!

ጊዜ እንደማይጠብቅ ለሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። የልጅ ኢያሱ አባት፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፣ ጥቅምት 9 ቀን 1909 ቶራ መስክ ላይ የሸዋን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ወዲያው ወደፊት አልገፉም። የሸዋ ጦር ተሰባሰበ። በስምንተኛው ቀን ሰገሌ ላይ ሁሉም ነገር ተገለበጠ።

ጋንዳልፍ በኋላ የኤልፎቹ ጌታ ኤልሮንድ በጠራው ጉባኤ ፊት መዘግየቱን አልደበቀም። ይህን አከብርለታለሁ። ለፍሮዶ የጻፈው ደብዳቤ ብሪ በተባለው መንደር በእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እጅ ተረስቶ መቅረቱም ሌላ መዘዝ ነው፤ በውይይቱ እንመለስበታለን።

መምህራን፣ ጥር ደረሰ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰኞ ስም ስትጠሩ «አቤት» የማትል ልጅ ካለች፣ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሂዱ። ብቻውን መሄድ የከበደው ይጥራኝ፤ አብሬው እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።