እዚህ ጋ አለች

እሺ፣ ገባሁ። ከኋላ የምትሰሙት ዝናቡ ነው፤ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው። የጎንደርን ነሐሴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የጎርጎራው ዓሣ ፕሮግራም ዛሬ አይደለም። ቃል መግባቴን አልረሳሁም። ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጓደኞቼ፣ ኢንጂነሩና ሐኪሟ፣ እስካሁን አልቋጩትም፤ እነሱ በሌሉበት ብቻዬን ባወራው ሁለቱም ይቀየሙኛል። ፍልሰታው ይፈታና ሦስታችንም ተቀምጠን እናወራዋለን።

ዛሬ የማወራው ስለ ጠላ ነው። ማለቴ... ስለ አንዲት ጣሳ ጠላ። ሰሞኑን ምን ብበላ፣ ምን ብጠጣ እሷ ትመጣብኛለች። ትናንት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ያው የምንወደው ቤት፣ ያ ጣሊያን የሠራው ክብ በረንዳ ያለው ሕንፃ ሥር። አንዴ ፉት አልኩና ስኒውን አስቀመጥኩት። "ይሄ ማኪያቶ ግን ጥሩ ነው?" አልኩ ለራሴ። ስንት ዓመት የጠጣሁት ነው! ለእናንተም "ሂዱና ጠጡ" ብዬ የላክኋችሁ ቤት ነው። ጥሩ ነው፣ አዎ። ጥሩ ነው መሰለኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው።

ያን ቀን መጀመሪያ ሽሮ በልተናል። የት እንደሆነ ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ፤ በሸክላ እየተንተከተከ የሚመጣበት፣ ባለቤቷ "ሽምብራው የደምቢያ ካልሆነ አላስፈጭም" የምትለው ቤት። እውነቷን ነው። ከጣና በሰሜን በኩል ያለው ጥቁር አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የተፈጠረ ነው። ደግሞ እኔ የአንድን ቤት እጅ የማውቀው በጾም ነው። በፍስክ ቅቤው ሁሉን ይሸፍነዋል። በጾም ግን ሽሮ መደበቂያ የለውም፤ በሶብላው ቢያንስ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ትንሽ ቢያር፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል ውኃ ቢገባበት፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያን ቀን ምንም አልጎደለውም። ስልጆውም ነበር፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው። ሐኪሟ እንባዋ እየወረደ እንጀራ ስትጨምር አስቡት። ደስ ብሎን ነው የወጣነው፤ እንዲህ ያለ ምግብ በልቼ ስወጣ ከተማዬን በሙሉ ማቀፍ ነው የምፈልገው።

ከዚያ ኢንጂነሩ "ጠላ" አለ። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ታች ስትወርዱ አንድ በር ላይ እንጨት ተሰክቶ ጣሳ ተደፍቶበታል። ሌላ ምልክት የለም። ስም የለውም። ከዚህ በላይ ቦታውን አልናገርም፣ አትጠይቁኝ፤ ለምን እንደሆነ ስትሰሙት ይገባችኋል።

እትዬ አልነበሩም። ቅዳሴ ላይ ናቸው። ልጃቸው ነች የተቀበለችን፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው። አዲስ ጋን ነው የተከፈተው። እንደ ወጉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና "ደህና ነው" ብላ ቀዳችልን። ቆሎ አመጣች። እኛም ጠጣን።

እና ግሩም ነበር። አሁንም ግሩም ነበር ነው የምለው። ጠቆር ያለ ነው፤ እንኩሮው በደንብ የበሰለ፣ የጌሾው ምሬት መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል፣ የወይራው ጭስ ደግሞ ከሥር አለ። ለእኔ ነበረ እንግዲህ! ኢንጂነሩ "ወይ ጠላ!" አለ ጮክ ብሎ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷ በራ። "ብቻዬን ስጠምቅ የመጀመሪያዬ ነው" አለችን። ሐኪሟ "እጅሽን ይባርከው!" አለቻት። ደገምን።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እትዬ መጡ። ነጠላቸው በስብሷል። "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ" አሉን፤ ተነሣን፤ "ኧረ በማርያም ተቀመጡ" አሉ። በፍልሰታ እሳቸው ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃም አይቀምሱም። ስለዚህ ያ ጋን ሲከፈት መቅመስ አልቻሉም። ይሄን ያዙልኝ። እሳቸው ሳይቀምሱ ለሰው የተቀዳ ጠላ በዚያ ቤት ያ ብቻ ይመስለኛል።

አፋቸውን በውኃ ተጉመጠመጡ። ከዚያ ልጅቷ ጣሳውን ሰጠቻቸው። አሸተቱት። ትንሽ ያዙ አፋቸው ውስጥ... ረጅም ነው የያዙት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው ተፉት።

ማንም አልተናገረም። እኛ ሁለተኛውን አጋምሰናል እኮ።

ወደ ጋኑ ሄዱ፣ አንገቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ቁጣ የለም ድምፃቸው ላይ። "ሳይደርቅ ነው ያጠንሽው?" አሏት።

"ደርቆ ነበር እማዬ። በግራዋ አጥቤው፣ ደፍቼው አድሯል። ግን ዝናቡ..."

"እስቲ ነይ። ድገሚና ቅመሺ። አትዋጪው፣ ያዢው።"

ልጅቷ ያዘችው። እኔ ፊቷን ነበር የማየው። መጀመሪያ ምንም። ዓይኗን ጨፈነች። በጣም ቆየች፤ ለእኔ በጣም የቆየች መሰለኝ። ከዚያ ጣቷን እዚህ፣ ጉሮሮዋ ላይ፣ ከአንገቷ ሥር ትንሽ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች፤ ዋጠችና "እዚህ ጋ አለች" አለች።

"አለች" አሉ እትዬ። በቃ። ሌላ ምንም አልተባባሉም።

ምኗ ናት ያለችው? አላሉም። "ሻጋታ" አላሉም፣ "ሆምጥጧል" አላሉም። "አለች" ብቻ።

እኔም ጣሳዬን አነሣሁ። ያዝኩት አፌ ውስጥ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እና... አንድ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ከጭሱ ኋላ፣ እርጥብ ነገር፣ ክረምት ላይ እንደተዘጋ ቤት። ግን ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ ስላየሁ ነው ወይስ በእውነት ስለነበረች ነው? ከአንድ ደቂቃ በፊት በዚያው ጣሳ "እሰይ" ስል የነበርኩ ሰው ነኝ። ጠላው አልተለወጠም፤ ያው ጠላ ነው!

ሳስበው የምይዘው ነገር የለኝም። ኢንጂነሩ "አሳምነውሽ ነው" ይላል። እሱ እስካሁን ምንም አላገኘሁበትም ባይ ነው። ሐኪሟ ደግሞ፣ ሰው የሚፈልገውን ከነገሩት ያገኘዋል፣ ግን ያ ማለት የለም ማለት አይደለም ትላለች። ይሄ ሐሳቧ ደስ ይለኛል፤ ግን አያሳርፈኝም።

እትዬ ለእኔ "አንቺ ልጅ፣ ተይው፣ አስቀምጪው" አሉኝ። "ዛሬ ለእናንተ ይጥማል። እሱ የሚናገረው ነገ ነው።"

እኔ ስቀምስ አሁን ያለውን ነው የምቀምሰው። እሳቸው ነገ የሚሆነውን ቀመሱት ማለት ነው? አንድ ጊዜ ወደ ዳባት በኩል ኮረፌ ስለሚያዘጋጁ የቅማንት እናቶች አውርቼላችሁ ነበር፣ ታስታውሱታላችሁ? ገብሱ ተፈትጎ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከደረቀ የጌሾ ቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ ተደርጎ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ከዚያ ጥቂት ይወሰድና ውኃ ተጨምሮበት ያድራል፣ በማግሥቱ ይጠጣል። ሁለት ሦስት ወር! እና በመሀል ዕቃውን ከፍታ፣ አሽታ፣ "ይሄ ይደርሳል" ወይም "ይሄ አይደርስም" የምትል ሴት አለች። በምኗ ነው የምታውቀው? ያን ጊዜ ይሄን ጥያቄ አላነሣሁትም። ስለ ጣዕሙ ብቻ ነው ያወራሁላችሁ።

ዳሽን ቢራን እዩት፣ እዚሁ ጎንደር ነው የሚጠመቀው። ላብራቶሪ አለ፣ መሣሪያ አለ፣ ዛሬ የጠጣችሁት ጃምቦ ከወር በኋላ ከምትጠጡት ጋር አንድ ነው። እወደዋለሁ፣ ታውቃላችሁ፤ ከጥብስ ጋር ድራፍት የማይወድ ሰው አላውቅም። እዚያ ቤት ግን ላብራቶሪው አንድ ምላስ ነው። ያ ምላስ ደግሞ ያን ቀን ይጾም ነበር።

ወይ ጉድ... ይሄን ሳስብ ግንቡ ግቢ ውስጥ ያለው የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ ይመጣብኛል። ረጅሙ። በካፋ በፈረንጆቹ ከ1721 እስከ 1730 ነው የነገሡት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስቆም ሁሌ የማስበው ስለሚበላው ነበር፤ ሥጋው፣ ጠጁ፣ ብርሌው፣ አዝማሪው። ሰሞኑን የማስበው ስለ ጓዳው ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ጠጅና ጠላ ሲጣል፣ ከእነዚያ ሁሉ ጋኖች ፊት ቆማ "ይሄኛው ለግብር አይወጣም" የምትል ሴት ነበረች ማለት ነው። መኖር አለባት። አዳራሹን በንጉሡ ስም እንጠራዋለን፣ እሷን ግን... እሺ፣ ወዴት እየሄድኩ ነው? ተመለስኩ።

ደፉት። ጋኑን በሙሉ። እናትና ልጅ ይዘው፣ ወደ ውጭ፣ ቦዩ ውስጥ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ልቤ የተሰበረው። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እንጨቱ፣ የስንት ቀን ድካም ነው። ጥንስሱ ብቻውን ቀናት ይፈልጋል፤ ከዚያ ድፍድፉ አለ፤ ከዚያ ውኃ ተሞልቶ ተከድኖ ይቆያል። ኢንጂነሩ አላስቻለውም፣ "እትዬ፣ አረቄ አይወጣበትም?" አላቸው። ዞር ብለው አዩት። "አረቄውንስ የሚጠጣው ሰው አይደለም?" አሉት።

ሒሳብ ስንጠይቅ አልተቀበሉም። ለመንናቸው። "ያልሰጠኋችሁን?" አሉ። ቡና ይፈላ ተባለ፤ ያቺው ልጅ ቆላች። እስከ በረካው ተቀመጥን፣ ስለ ጠላው ግን ማንም አላነሣም። ቡናው ጥሩ ነበር። ይኸው፣ አሁንም "ጥሩ ነበር" አልኩ! የምለው ሌላ ቃል የለኝም እኮ።

ይሄን ፕሮግራም የጀመርኩት መብላት ስለምወድ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ከተማዬ ውስጥ በአነስተኛ ቤት፣ በአንድ ምድጃ ተአምር የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ሰው ይወቃቸው ብዬ ነው። እና እስከ ዛሬ "ይሄ ቤት ግሩም ነው" ስላችሁ አልዋሸኋችሁም፤ ለእኔ ግሩም ነበር። ግን እትዬን ካየሁ በኋላ፣ እኔ የምወደውና ጥሩ የሆነው አንድ ናቸው ወይ? ደስታዬስ ቢሆን ምን ይቀንስበታል? ያን ጠላ ስጠጣ ተደስቻለሁ። ያ ደስታ እውነት ነበር። ሲደፋ አብሮ አልተደፋም። ወይስ... አይ፣ ይሄን ስል ራሴን የማጽናና ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ሆዳችንን ምንም አላመመንም። ሦስታችንንም። ኢንጂነሩ ይሄን እንደ ማስረጃ ነው የሚያቀርበው፤ በማግሥቱ ጠዋት ደውሎ "ደህና ነኝ፣ አሸነፍኩ" አለኝ። እኔ ግን ማስረጃ አልመሰለኝም። እሳቸው እኮ ያመናል አላሉም። "ይናገራል" ነው ያሉት። ምን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገር...

ብቻ ከሁሉም በላይ የማስበው ልጅቷን ነው። አንድ ከሰዓት ውስጥ መጀመሪያ ከእኛ "ወይ ጠላ!" ሰማች። ቀጥሎ ከእናቷ "አለች" ሰማች። የትኛው ነው የሚቀርላት? እኔ ብሆን... እኔ ብሆን ምናልባት ሁለተኛ አልጠምቅም ነበር። እሷ ግን ቡናውን እየቆላች ለእናቷ "በሚቀጥለው ጋኑን ማጀት እሳት ዳር አሳድረዋለሁ" ስትላት ሰምቻለሁ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። እትዬም "እሱ ይሻላል" አሉ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ያቺን ጣት ጉሮሮዋ ላይ ያደረገችበትን ቅጽበት፣ ያገኘችበትን፣ እኔ በሕይወቴ ምንም ነገር እንደዚያ ያገኘሁ አይመስለኝም።

እንሄዳለን፣ ሲደርስ። ሐኪሟ ቀኑን እያሰላች ነው። ያ ነው እንግዲህ የሚያስጨንቀኝ። ልጅቷ ትቀዳለች፣ በር ላይ ትቆማለች፣ ፊቴን ታያለች። ምን ልላት ነው? "ግሩም ነው" ብላት፣ ያን ጊዜም ብዬ ነበር። ዝም ብላት ደግሞ መጥፎ ነው ያልኳት ይመስላታል። አፌ ውስጥ ልያዘው፣ ልፈልግ፣ ባገኝስ? ባገኝ እናገራለሁ? ባላገኝ የሌለ ስለሆነ ነው ወይስ እኔ... ኢንጂነሩ "ጠጪና ክፈይ፣ ምን ያስጨንቅሻል" ይላል። ምናልባት ልክ ነው። ወይም መጀመሪያ እሷን "አንቺስ ምን አገኘሽበት?" ብላትስ? እሱ ይሻል ይሆን... ግን እንግዳ እንዲህ ይጠይቃል? እትዬ ቢሰሙኝስ፣ እ...

ሐኪሟ እየደወለች ነው። ቆዩኝ፣ ላንሣላት፤