አቻው የማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ጥያቄ ይዣለሁ። ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞች ሲጋጠሙ «አቻ እንውጣ» የሚለውን ጥያቄ ማቅረብና መመለስ ያለበት ማን ነው? ፕሮግራሙ ነው ወይስ አጠገቡ ተቀምጦ ጠጠር የሚያንቀሳቅስለት ሰው?

እኔ ፕሮግራሙ ነው ባይ ነኝ። የሰውየው ሥራ መልእክት ማድረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ፊላደልፊያ ላይ የቼዝ ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭና ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር ሁለት ለሁለት ሆነው አምስተኛውን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። መሀል ላይ ካስፓሮቭ አቻ ጠየቀ። የዲፕ ብሉ ሰዎች ተመካከሩና እምቢ አሉ። ከዚያ ዲፕ ብሉ ተሸነፈ። ሽንፈቱ በማሽኑ ስም ተጻፈ፤ እምቢታው ግን የሰዎቹ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የ2003ቱ ደግሞ ይብሳል። በኦስትሪያዋ ግራዝ፣ በኮምፒውተሮች የዓለም ሻምፒዮና፣ ጆኒ የሚባል ፕሮግራም ሽሬደር ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ጋር ተጋጠመ። ያው አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ። በሕጉ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ጆኒም ድግግሞሹን በስክሪኑ ላይ አሳይቷል። ጠጠር የሚያንቀሳቅስለት ሰው (ኦፕሬተሩ) ግን አቻውን ሳይጠይቅ ጨዋታው ቀጠለ፣ ሽሬደርም አሸነፈ። በመጨረሻ ሽሬደር ፍሪትዝ ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ጋር እኩል ነጥብ ይዞ ጨረሰ፤ በመለያውም ዋንጫውን ወሰደ። አስቡት፣ ያቺ ግማሽ ነጥብ ብትቀነስበት መለያም አይኖርም ነበር!

«ፕሮግራሙ አፍ የለውም እኮ» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ዛሬ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚግባቡበት ዩሲአይ የሚባለው ፕሮቶኮል አቻ መጠየቂያ ትእዛዝ የለውም። የቆየው የዊንቦርድ ፕሮቶኮል ግን አለው። ስለዚህ አፍ መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ለተከታታይ እርምጃዎች ማን እንደሚበልጥ በቁጥር የሚሰጡት ግምት ዜሮ አካባቢ ከሆነ፣ ውድድሩን የሚመራው ሲስተም ራሱ በአቻ ይዘጋዋል። ደንቡ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለማንም አያዳላም። ይሄኛው ይስማማኛል። ግን ቁጥሩን ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዜሮ ማለት አንዳንዴ «ጨዋታው ሞቷል» ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ «ለጊዜው እኩል ነን» ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት ቤቴ ሁለት ፕሮግራም ሳጫውት ነው። ሁለቱም ዜሮ ያሳያሉ፣ እኔ ደግሞ እንቅልፌ መጥቷል። አቻ ብዬ መዘገብኩና ዘጋሁት። በማግስቱ ከዚያው አቀማመጥ አስቀጠልኳቸው። ጥቁሩ አሸነፈ።